«እየወሰድኩ ነው ዶክተር»፦ ለሐኪምዎ ያልነገሩት ነገር ሊጎዳዎት ይችላል



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ በሽታ ሳይሆን እናንተና እኛ ሐኪሞች ምርመራ ክፍል ውስጥ አብረን ስለምናሳልፋት አጭር ጊዜ ነው። የምጀምረውም ከራሴ ስህተት ነው።

በተመላላሽ ክፍል ስሠራ፣ በስልሳዎቹ ዕድሜ ያሉ አንዲት እናት ለደም ግፊት ክትትል ይመጡ ነበር። መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ግፊታቸው 170/100 ስለነበር ኢናላፕሪል አዘዝኩላቸው። በወሩ ሲመለሱ ምንም አልቀነሰም። ዓይኔን ከካርዱ ላይ ሳላነሳ «መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው እናቴ?» አልኳቸው። «እየወሰድኩ ነው የኔ ልጅ» አሉኝ። ውጭ ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶታል። መጠኑን ጨምሬ ሸኘኋቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮም ያው ነው። ሁለተኛ መድኃኒት ልጨምር እስክሪብቶ አነሳሁ።

ያን ቀን ግን ከልጃቸው ጋር ነበር የመጡት። ልጅቷ «እማዬ፣ ሳሉን ንገሪው እንጂ!» አለቻቸው።

ነገሩ ያኔ ወጣ። ኪኒኑን በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት ደረቅ ሳል ያዛቸው፤ ሌሊት አላስተኛ አላቸው። ከፋርማሲ የሳል ሽሮፕ ገዙ፣ አልተሻላቸውም። በመጨረሻ ኪኒኑን ራሳቸው አቆሙት። የሚውጡት የቀጠሮ ቀን ጠዋት ብቻ ነበር። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» ስላቸው፣ «ትቸኩላለህ፤ ደግሞ ትቆጣኛለህ ብዬ ፈራሁ» አሉኝ።

ምን ልበላችሁ፣ አፈርኩ። እውነቱን አልነገሩኝም፤ ግን እንዲነግሩኝ ጊዜ ያልሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

እስቲ አስቡት፦ ሁለተኛውን መድኃኒት ጨምሬላቸው፣ እሳቸውም ቤት ገብተው ሁሉንም በአንዴ መውሰድ ቢጀምሩስ? ግፊታቸው ከልክ በላይ ወርዶ ራሳቸውን ስተው ሊወድቁ ይችሉ ነበር። ባይወስዱት ደግሞ ግፊቱ ዝም ብሎ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ «ምንም አላመመኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ሳሉ ከየት መጣ?

ኢናላፕሪልና መሰሎቹ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደረቅ ሳል ያመጣሉ። ይህ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። የሳል ሽሮፕ አያጠፋውም፤ መፍትሔው ሐኪሙ ወደ ሌላ ዓይነት የግፊት መድኃኒት እንዲቀይርላችሁ ማድረግ ነው። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ፦

👉 ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ሁሉ የመድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ ቲቢም ሊሆን ስለሚችል ተመርመሩ።
👉 ይህን መድኃኒት እየወሰዳችሁ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ከዚያ ወዲህ እኔ ምን ቀየርኩ?

በ1984 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ሐኪሞች የታካሚውን ንግግር በአማካይ ከ18 ሰከንድ በኋላ እንደሚያቋርጡ አሳይቶ ነበር። ሳነበው ስለ እኔ የተጻፈ ነው የመሰለኝ። አሁን ታካሚው የመጣበትን ተናግሮ እስኪጨርስ እስክሪብቶ አላነሳም። አብዛኛው ሰው ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። «እየወሰዱ ነው?» ማለቱንም ትቼ «ብዙ ሰው ኪኒን ይዘላል፤ እርስዎስ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ዘለሉ?» እላለሁ። መልሱ ይለያል! ከመሸኘቴ በፊት ደግሞ «መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ለእኔ ይንገሩኝ» እላለሁ። የሚፈተነው ታካሚው አይደለም፤ የኔ አገላለጽ ነው።

እናንተስ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

✅ ዋናውን ጉዳይ መጀመሪያ ተናገሩ። ብዙ ሰው ስለ ጉንፋን ሲያወራ ቆይቶ በሩ ጋ ሲደርስ «ደግሞ ደረቴን ይወጋኛል» ይላል። የሚያስፈራችሁን ከማንም በፊት አስቀድሙት። ስልካችሁ ላይ ሦስት ጥያቄ ጽፋችሁ ግቡ።

✅ መድኃኒቶቻችሁን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። የባህል መድኃኒቱንም፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የገዛችሁትንም። ለጉልበትና ለወገብ የሚወሰደው ዳይክሎፌናክ ግፊት ሊጨምር፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ከሁለት ቦታ የታዘዘላችሁ፣ ስሙ የተለያየ መድኃኒትም አንድ ዓይነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

✅ ካቆማችሁ፣ አቆምኩ በሉ። ያስቸገራችሁ ዋጋውም ይሁን፣ ማቅለሽለሹም ይሁን፣ መርሳቱም ይሁን ተናገሩ። ሁሉም መላ አለው። ሐኪሙ ካላወቀ ግን ያለው ምርጫ መጠን መጨመር ነው።

✅ ግፊት ከመለካታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ አረፍ በሉ። ከዚያ በፊት በነበረው ግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጡ፣ አታጭሱ። ሽንታችሁን ሸንታችሁ፣ እግር ሳታነባብሩ፣ ክንዳችሁን በልብ ትይዩ አስደግፋችሁ ተለኩ።

✅ እርግዝና ካሰባችሁ ወይም ከተጠራጠራችሁ ቶሎ ተናገሩ። ኢናላፕሪልን ጨምሮ አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ለጽንስ አደገኛ ናቸው።

✅ ካልገባችሁ «አልገባኝም» በሉ። ነውር የለውም።

⚠️ ፊት በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር በድንገት ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወይም ከባድ የደረት ሕመም ከመጣ ደቂቃ ሳታባክኑ ሆስፒታል ሂዱ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁም መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቁሙ፣ አትቀይሩ።

እኚያን እናት ወደ አምሎዲፒን ቀየርኩላቸው። ሳሉ በሦስት ሳምንት ጠፋ፤ ግፊታቸውም ቀስ በቀስ ወርዶ 134/82 ደረሰ። በመጨረሻ ያየኋቸው ቀን ገና ሳልጠይቃቸው ፌስታላቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፈው «በል ቁጠረው፤ ሁለት ቀን ዘልያለሁ» አሉኝና ሳቁ። ሁለት ቀን መዝለላቸውን ስላወቅኩ ያን ዕለት የማክመው በግምት አልነበረም።

ግፊት ወይም ስኳር ያለባቸው ወላጆች ካሏችሁ ዛሬ ማታ ደውሉላቸውና «መድኃኒቱ ተስማምቶሻል? ተስማምቶሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሌሎችም ሼር አድርጉላቸው።