ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት ከፋዩን መጠየቅ

በ2017 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላት ግን ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ቁይ ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ሲገኝ፣ በዚያ ላይ ሒሳብና ፊዚክስ የሚሆንለት ከሆነ፣ ዘመድ አዝማዱ ወዲያው ኢንጂነሪንግንና አሜሪካን ያነሳል። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። በአማራ ክልል ግጭቱ ከተባባሰ በኋላ ትምህርት እየተቆራረጠ፣ ከነሐሴ 2015 ጀምሮም የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ የተገኘ ውጤት ክብር ይገባዋል። የምፈራው ምርጫው የሚጀመርበትን ቦታ ነው። ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ስም አለው?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ግን «ገንዘቡን የሚከፍለው ማነው?» የሚለው ነው።

ከትንሹ ወጪ እንጀምር። የተማሪ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር፣ ሴቪስ የሚባለው የተማሪዎች ምዝገባ ደግሞ 350 ዶላር ያስከፍላል፤ በድምሩ 535 ዶላር። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት፣ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ሳለ፣ ይህ ከ31,000 ብር አይበልጥም ነበር። ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው 80,250 ብር ይሆናል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ የዲግሪ ጀማሪ 11,500 ብር ያገኛል። ስለዚህ ቁይ ላይ የተቀጠረ አንድ ጀማሪ ባለሙያ ግብርና ጡረታ ባይቆረጥበት፣ ቤት ባይከራይ፣ እህል ባይሸምት እንኳ የሰባት ወር ደመወዙን ይጠይቀዋል። ቪዛው ቢከለከል ደግሞ የማመልከቻው ክፍያ አይመለስም።

ትልቁ አደጋ ግን ያለው ደስ በሚያሰኘው ደብዳቤ ውስጥ ነው። አንድ ተማሪ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ «ተቀብለንሃል፤ በዓመት 20,000 ዶላር ስኮላርሺፕ ሰጥተንሃል» የሚል መልስ ደረሰው እንበል። ዜናው በሰፈሩ ይሰማል፤ ድግስ ይታሰባል። ከታች በኩል ያለው የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ፣ ትምህርት፣ ማደሪያ፣ ምግብና የጤና መድን ተደምሮ፣ 48,000 ዶላር ከሆነ ቀሪው 28,000 ዶላር የቤተሰቡ ነው። በዚያው ስሌት 4.2 ሚሊዮን ብር፤ ያውም ለአንድ ዓመት። የዚያ ጀማሪ ሠራተኛ የ30 ዓመት ደመወዝ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው አይ-20 የሚባለውን ሰነድ ለመስጠትም ሆነ ቆንስላው ቪዛ ለመፍቀድ ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ማሳየት ግድ ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ነው፤ መሬት ማከራየትና መበደር የሚጀመረውም ያኔ ነው።

«እዚያ ሠርቶ ይከፍላል» የሚለው መጽናኛም አያዋጣም። የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት መሥራት የሚችለው በግቢው ውስጥ፣ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። በሰዓት 15 ዶላር ቢከፈለው እንኳ በወር 1,200 ዶላር ገደማ ያገኛል። ይህ ምግብና የቤት ኪራይ ቢሸፍን ነው።

ለመጀመሪያ ዲግሪ በር የሚከፍቱ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ የሚገርመው ከውዶቹ መካከል መሆናቸው ነው። ኤምአይቲ፣ ሃርቫርድ፣ ፕሪንስተንና ዬል የውጭ አገር ተማሪን ሲመርጡ የቤተሰቡን ኪስ አያዩም፤ ከተቀበሉት ደግሞ ቤተሰቡ የማይችለውን በሙሉ ይሸፍናሉ። የኤምአይቲ የዓመት ጠቅላላ ወጪ ከ85,000 ዶላር በላይ ነው፤ ከቁይ ለተቀበሉት ልጅ ግን ከመካከለኛ የአሜሪካ የክልል ዩኒቨርሲቲ ይልቅ ይረክሳል። ችግሩ የሚቀበሉት ቁጥር ነው። ኤምአይቲ ከ100 አመልካች 5 እንኳ አይወስድም፤ ከውጭ አገር አመልካቾችማ ከዚያም ያንሳል። መሞከር ይገባል፤ የማመልከቻ ክፍያ እንዲቀርላቸው መጠየቅም ይቻላል። ግን የቤተሰብ ዕቅድ በዚህ ዕድል ላይ ብቻ አይቆምም።

ለአብዛኛው የጎጃም ልጅ የሚያዋጣው መንገድ ሌላ ነው ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪውን በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በደንብ ጨርሶ ለዶክትሬት ማመልከት። በአሜሪካ የኢንጂነሪንግ ዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው እንደ ሠራተኛ ነው የሚያዘው፤ ፕሮፌሰሩን በምርምር ወይም በማስተማር ያግዛል፣ የትምህርት ክፍያው ይነሳለታል፣ መተዳደሪያም ይከፈለዋል። ማስተርስ ሳይኖር ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ የሚቀበሉም ብዙ ናቸው። ማስተርስ ብቻ ለመማር የሚሄድ ግን ባብዛኛው ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ሁለቱን አለመለየት ስንት ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ ከትቷል።

በዚህ መንገድ ሲኬድ የሚመረጠው ላቦራቶሪና ፕሮፌሰር ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ዝና ሁለተኛ ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው የዓባይ በረሃ መንገድ ላይ አፈሩ በየጊዜው ሲንሸራተት ያየ ተማሪ ስለ መሬት መንሸራተት የሚመራመር የጂኦቴክኒክ ቡድን ይፈልግ። 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ኃይል ወደ ገጠር እንዴት ይድረስ የሚለው የሚያሳስባት ደግሞ የከፍተኛ ቮልቴጅ ማስተላለፊያ የሚጠናበትን ክፍል ትፈልግ። እንዲህ ያሉት ቡድኖች የሚገኙት ብዙ ጊዜ ኑሮ ርካሽ በሆነባቸው ትናንሽ ከተሞች፣ በ1862ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ሕግ መሬት ተሰጥቷቸው ለግብርናና ለኢንጂነሪንግ በተቋቋሙ የክልል ዩኒቨርሲቲዎች ነው። አንድ ዓይነት አበል ቦስተን ላይ ለኪራይ ሲያልቅ ካንሳስ ላይ ይተርፋል።

የራሳችን ሰዎች ይህን አሳይተዋል። የፍኖተ ሰላሟ ልጅ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ፣ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪዋ፣ ማስተርሳቸውን ከሞንታና ስቴት፣ ዶክትሬታቸውን ከካንሳስ ስቴት አገኙ፤ በኋላም ናይሮቢ ያለውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔን መርተዋል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ፐርዱ ተምረው በማሽላ ምርምራቸው በ2009 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ሁለቱም የግብርና ሳይንስ ሰዎች ናቸው፤ የመረጧቸው ተቋማት ዓይነት ግን ለኢንጂነሪንግም ይሠራል፤ ፐርዱ ራሱ በኢንጂነሪንግ የታወቀ ነው።

ያም ሆኖ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሄድ ሰው የሚማርበት የኢንጂነሪንግ ፕሮግራም አቤት (ABET) የሚባለው አካል ዕውቅና የሰጠው መሆኑን ያጣራ፤ ዕውቅናው የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም እንጂ ለዩኒቨርሲቲው በጅምላ አይደለም። ለዶክትሬት ይህ ብዙም አያሳስብም።

የቪዛው ሁኔታም ወደ ስሌቱ መግባት አለበት። በሐምሌ 2017 አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን ጊዜያዊ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግል አድርጋዋለች። ተማሪው ከገባ በኋላ ትምህርቱን እስከተከታተለ መቆየት ይችላል፤ ለፋሲካ ወይም ለለቅሶ አገር ቤት ከመጣ ግን ለመመለስ እንደ አዲስ ማመልከት፣ እንደገና መክፈልና እንደገና ቃለ መጠይቅ መቅረብ አለበት። ልጁ ለዓመታት ላይመጣ እንደሚችል እናቱ ቀድማ ማወቅ አለባት። ከምረቃ በኋላ የኢንጂነሪንግ ምሩቅ ለ12 ወር፣ ከዚያም ለተጨማሪ 24 ወር በሙያው መሥራት ይፈቀድለታል። ከዚያ ወዲያ ያለው የኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ በዓመት ለ85,000 ሰው የተገደበና በዕጣ የሚወጣ ስለሆነ፣ እዚያ ተቀጥሬ ዕዳዬን እከፍላለሁ ብሎ መበደር አደገኛ ነው።

ማስታወቂያ ለጥፈው «ቪዛ እናስጨርሳለን» ለሚሉ ደላሎች ገንዘብ ከመክፈል በፊት አዲስ አበባ በአሜሪካ ኤምባሲ ሥር ያለው ኤጁኬሽን ዩኤስኤ በነጻ እንደሚያማክር ይታወቅ። የዶክትሬት ማመልከቻዎች ብዙውን ጊዜ የሚዘጉት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ፕሮፌሰሮችን በኢሜል ማነጋገር ከመስከረም አይዘግይ። አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎችን ያዘገያል፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳይጨርስ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ወደ ውጭ ማስላክ ይቸገራል። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለማመልከት በተማሪው እጅ ያለውን ቅጂ ይቀበላሉ፤ ዋናውን የሚጠይቁት ከተቀበሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ጥቂት ጥሪት ካለው ለደላላ ከሚሰጠው ያንን ዕዳ ይዝጋበት።