ሰርዶው ሞቷል ወይስ ተኝቷል?

እስቲ ሚያዝያ ላይ መተማ ውስጥ አንድ የኳስ ሜዳ ዳር እንደቆማችሁ አስቡ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፏል። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ተሰነጣጥቋል፤ ሰርዶው ገለባ መስሏል። አንድ ጓደኛችሁ «ይሄማ ሞቷል፤ ሜዳውን አርሰን እንደ አዲስ እንትከል» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

ከመመለሳችሁ በፊት ትንሽ ቆፍሩ። የሳር ቅጠል የሚያድገው ከጫፉ ሳይሆን ከግርጌው ነው። ከብት ግጦት፣ ማጭድ አጭዶት መልሶ የሚያድገው ለዚህ ነው። ሰርዶ ደግሞ ከመሬት በታች የሚሄድ ግንድ አለው። ግንዱ ምግብ ያከማቻል፤ እያንዳንዱ አንጓው አዲስ ሳር ማብቀል ይችላል። ድርቁ ሲበረታ ሰርዶ ውሃ የሚያባክኑበትን ቅጠሎች ያደርቅና ከታች ይተኛል።

ይኸው ጥያቄ በሩቅ አገር የጎልፍ ሜዳዎችም ይነሳል። በጎልፍ ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ዙሪያ ያለው ሳር «ግሪን» ይባላል፤ የሚታጨደው ከመሬት 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ብቻ አስቀርቶ ነው። በሞቃት አገሮች ግሪን ላይ በብዛት የሚተከለው የሰርዶ ዲቃላ ነው። እኛ ክረምት ስንል ሳር የሚለመልምበት ወቅት ነው፤ እነሱ ዘንድ ግን ክረምት ማለት ብርድ ነው። ብርዱ ከበረታ ሳሩ ይሞታል፤ ግሪኑም ቡናማ ጠባሳ ይዞ ይቀራል።

የሚገርመው፣ ብርድም የሚገድለው እንደ ድርቅ ነው። በረዶ መጀመሪያ የሚሠራው ከሕዋሳቱ ውጭ ነው፤ ከዚያ ውሃውን ከውስጣቸው ይስበዋል። ሳሩ በበረዶ መሃል ሆኖ ይጠማል ማለት ነው!

ታዲያ መሞቱን በምን እናውቃለን? የሜዳ ተንከባካቢዎች ከተጎዳው ቦታ ሳሩን ከነአፈሩ ቆርጠው ሞቃት ስፍራ ያስቀምጡታል፤ ውሃ እያጠጡም ይጠብቃሉ። በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ካወጣ ተኝቶ ነበር። እናንተም በአንድ ጣሳ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ግንዱንም ቁረጡት፦ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ሕያው ነው፤ ቡናማና ተሰባሪ ከሆነ አብቅቶለታል።

የሞተው ቦታ ብቻ ይጠገናል። የተረገጠው አፈር አየርና ውሃ እንዲገባው ይበሳል፤ ከዚያ አንጓ ያላቸው የሰርዶ ቁርጥራጮች ይተከላሉ፤ ሥር እስኪይዙ ውሃ ይጠጣሉ፤ አይረገጡም። ብዙዎቹ የግሪን ዲቃላዎች ዘር የላቸውም። 36 ክሮሞዞም ያለው ተራ ሰርዶ 18 ካለው የደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ጋር ሲዳቀል 27 ያለው ሳር ይወለዳል። 27 ለሁለት እኩል ስለማይከፈል ሳሩ እንደ በቅሎ መካን ይሆናል፤ የሚባዛውም በቁርጥራጭ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችሁ እንመለስ። ሚያዝያ ላይ ሜዳው ቢታረስ የተኛው ግንድ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ያኔ በእርግጥ ይሞታል። ሰኔ ላይ በእርጥብ አፈር ቢታረስ ግን የተቆራረጠው ግንድ ይባዛል። ሰርዶ የሰሊጥ ማሳ ውስጥ ከገባ የሚያስቸግረውም በዚሁ ነው፤ ስለዚህ ስትተክሉ ከማሳ አርቁት።

እንግዲህ ለጓደኛችሁ «መጀመሪያ ጣሳ አምጣ» በሉት።