ሻጋታና መኖ፦ ወዳጁን ከጠላቱ ስለ መለየት

በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ደጋ ጠላ የማይጠመቅበት ቤት ጥቂት ነው። ገብሱ ውሃ ጠጥቶ ሲበቅል፣ ኢንዛይም የሚባል ነገር በውስጡ ይፈጠራል። ይህም የእህሉን ስታርች እየቆራረጠ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። ስለዚህ ኢንዛይም ለገበሬ ቤት አዲስ እንግዳ አይደለም፤ አዲሱ ስሙ ብቻ ነው።

ኢንዛይም ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በገላው ውስጥ የሚሠራው መሣሪያ ነው። ማጭድ ለማጨድ፣ መጥረቢያ ለመፍለጥ እንደሆነ ሁሉ እያንዳንዱ ኢንዛይም የራሱ ሥራ አለው።

እርሾ፣ እንጉዳይና ሻጋታ ሁሉም ፈንገስ ይባላሉ። ፈንገስ አፍም ሆድም የለውም። ኢንዛይሙን ወደ ውጭ ያፈስና ምግቡን እዚያው አሟሙቶ ይመጠዋል። የወደቀ ግንድ የሚበሰብሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ድንኳኑን የበላው ሻጋታ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰለሞን ደሴቶች የአሜሪካ ጦር የጥጥ ድንኳን እየበሰበሰ አስቸገረ። ሊቃውንት ድንኳኑን የበላውን ሻጋታ ለይተው ቢመረምሩ፣ ሴሉሎስን የሚቆራርጥ ብርቱ ኢንዛይም እንዳለው አገኙ። ሴሉሎስ የጥጥ ክር የተሠራበት ነገር ነው፤ የገለባም ዋነኛ ክፍል እርሱ ነው። ይህ ሻጋታ እ.ኤ.አ. በ1977 ተመራማሪውን ኤልዊን ሪስን ለማስታወስ ትሪኮደርማ ሪሴይ ተባለ። ዛሬ በፋብሪካ ይራባል፤ ኢንዛይሙም ከመኖ ጋር ይደባለቃል።

ለዶሮ ያለው ጥቅም

ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል እንደ ሙጫ ያለ ነገር አለው። ዶሮ ይህን የሚቆራርጥ ኢንዛይም የላትም። ስለዚህ ገብስ የበዛበት መኖ የበሉ ጫጩቶች ኩሳቸው ይለጠልጣል፤ ጉዝጓዙ ይረጥባል፤ ዕድገታቸውም ይዘገያል። እንደ እኛ ደጋ ገብስ በሚበቅልባት በፊንላንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሙጫውን የሚበጥስ ኢንዛይም በዶሮ መኖ ላይ ይጨመር ጀመር።

ሁለተኛው ፊቴዝ ይባላል። በእህል ውስጥ ያለው ፎስፎረስ አብዛኛው የታሰረ ስለሆነ ዶሮ ሳትጠቀምበት በኩሷ ይወጣል። አስፐርጊለስ ናይጀር ከሚባል ሻጋታ የተገኘው ፊቴዝ ይህን እስራት ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ1991 በኔዘርላንድ ለገበያ ቀረበ።

መኖ የምትገዙ ዶሮ አርቢዎች ኢንዛይም የተጨመረበት መሆኑን ሻጩን ጠይቁ። መጠኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በቤት በእጅ ቢደባለቅ እኩል አይዳረስም። በፈላ ውሃ ማሸትም ኢንዛይሙን ያጠፋዋል።

ለበግና ለከብት

የበግና የከብት ነገር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮሊን ኦርፒን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በበግ ጨጓራ ውስጥ ያለ አየር የሚኖር ፈንገስ እንዳለ አስረዳ። እንግዲህ የመንዝ በግ ገለባ የሚቆራርጡ ሠራተኞቿን በሆዷ ይዛ ትዞራለች ማለት ነው።

ታዲያ ገለባ ለምን አያጠግብም? ሴሉሎሱ ሊግኒን በሚባል ጠንካራ ነገር ስለታጠረ ነው። ደግሞም ሠራተኞቹ ራሳቸው የሚመገቡት ናይትሮጂን በገለባ ውስጥ ጥቂት ነው። በገለባ ላይ ከፋብሪካ የመጣ ኢንዛይም መርጨት በልዩ ልዩ አገር ተሞክሮ ውጤቱ አንዴ ያማረ፣ አንዴ ያላማረ ሆኗል። ሊግኒንን የሚበሉ እንጉዳዮችም አሉ፤ ነገር ግን ንጹሕ ቦታ ይሻሉ፤ ከገለባውም ከፊሉን ራሳቸው ይበሉታል። ስለዚህ ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬ ገንዘቡን በዚህ ላይ ከማዋል ይልቅ በጨጓራው ውስጥ ያሉትን ሠራተኞች ቢቀልብ ይሻለዋል። የባቄላ ገለባ፣ ትሪ ሉሰርን፣ የኑግ ፋጉሎ ለዚህ ይረዳሉ።

ጠላቱ

ከዚህ በላይ ያለውን አንብቦ «ሻጋታ መኖን ያሻሽላል» ብሎ የሻገተ ገለባ ወይም ፋጉሎ ለላም የሚሰጥ ገበሬ ከባድ ስሕተት ይሠራል። የፋብሪካው ሻጋታ የተመረጠና የተጠበቀ ነው። በጎተራ የሚበቅለው ግን ምን እንደሆነ አይታወቅም። አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባለው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያወጣል። መርዙ ጉበትን ይጎዳል፤ በላሟ ወተት በኩልም ወደ ልጆቻችን ይደርሳል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት፣ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ የአውሮፓ ኅብረት ከወሰነው ልክ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ከመኖዎቹም የኑግ ፋጉሎ ዋነኛ የመርዙ ምንጭ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ፋጉሎ አትግዙ ማለት አይደለም፤ መርጣችሁ ግዙ፣ አድርቃችሁ አስቀምጡ ማለት ነው።

ልታደርጉት የሚገባ

1. ገለባና ድርቆሽ በሚገባ ሳይደርቅ አትከምሩ። ክምሩን ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ አድርጉ፤ ከላይም ዝናብ እንዳያገኘው ክደኑ።

2. ፋጉሎ ስትገዙ ቆርሳችሁ እዩ፤ አሽትቱ። የሻገተ፣ የረጠበ ወይም የሰነፈጠ ከሆነ መልሱ። መልኩ ያማረ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ገዝታችሁ አታቆዩ።

3. መኖውን በመሬት ላይ ሳይሆን በገንዳ ስጡ። አፍሪካ ራይዚንግ የተባለው የምርምር ፕሮግራም በባሶና ወራና ወረዳ ከገበሬዎች ጋር የመኖ ገንዳና መጋዘን ሲሞክር፣ የሚባክነው መኖ እንደሚቀንስ ታይቷል።

4. የሻገተውን መኖ ከደህናው ጋር አትቀላቅሉ። ለዶሮም፣ ለውሻም አትስጡ፤ ቅበሩት።

5. ገለባ በዩሪያ ለማከም የምትሹ፣ ዩሪያ ሲበዛ ከብት የሚገድል መርዝ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ጊዜ ያለ ልማት ሠራተኛ አትጀምሩ። በብርዳማው ደጋ ሥራው ከቆላው የበለጠ ጊዜ እንደሚፈልግም አስቡ።

የልማት ሠራተኞችም ስለ ኢንዛይም ስታስተምሩ ስለ ሻጋታ መርዝ ሳትናገሩ አትለፉ። አንዱ ያለ ሌላው ከተነገረ ትምህርቱ ጥፋት ያመጣልና።