ፕሮግራም በምን ሥርዐት ይሠራ?

የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራባቸው ሁለት ታላላቅ ዘዴዎች አሉ። አንደኛው ነባሩ ሲሆን ሥራው በተራ የሚፈጸምበት ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያ የባለጉዳዩ ፍላጎት ተጠንቶ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ንድፉ ይወጣል፤ ከዚያም ፕሮግራሙ ተጽፎ ይፈተናል፤ በመጨረሻ ለባለጉዳዩ ይሰጣል። ውሃ ከላይ ወደ ታች እንጂ ወደ ኋላ ስለማይፈስ ይህ ዘዴ «ፏፏቴ» ተብሏል። ሁለተኛው «አጃይል» የሚባለው ነው። በዚህ ዘዴ ሥራው በአጭር በአጭር ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በሁለት በሁለት ሳምንት ይከፈላል፤ በየክፍሉ መጨረሻ ያለቀው ለባለጉዳዩ ይታያል፤ ቀጣዩም ሥራ በእርሱ አስተያየት ይታረማል።

የነባሩን ዘዴ ደረጃዎች በ1970 በሥዕል ያሳዩት ሚስተር ዊንስተን ሮይስ ራሳቸው፣ ፈተናውን እስከ መጨረሻ ማቆየት አደገኛ መሆኑን በዚያው ጽሑፍ አመልክተዋል (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አጃይል በስሙ የታወቀው ደግሞ በ2001 ዐሥራ ሰባት የሙያው ሰዎች በአሜሪካ፣ በዩታ ተሰብስበው ባወጡት መግለጫ ነው።

እንግዲህ የትኛው ይመረጥ? ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት።

ኤፍ.ቢ.አይ. የተባለው የአሜሪካ የምርመራ ቢሮ የወረቀት መዝገቡን በኮምፒውተር ለመተካት ያሠራው ፕሮግራም፣ 170 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከወጣበት በኋላ በ2005 ተተወ። በ2006 «ሴንቲኔል» በሚል ስም በአራት ምዕራፍ ተከፍሎ ለሥራ ተቋራጭ የተሰጠው ሌላ ሥራም አልሰመረም፤ በ2010 ከተመደበው 451 ሚሊዮን ዶላር 405 ሚሊዮን ያህሉ ሲያልቅ የተረከቡት ሁለት ምዕራፍ ብቻ ነበር። ቢሮው ያን ጊዜ ሥራውን በራሱ እጅ አድርጎ በአጃይል ዘዴ፣ በየሁለት ሳምንቱ እየከፈለ ቀጠለ፤ በ2012ም ፕሮግራሙ ለሠራተኞቹ ሁሉ ተሰጠ። መርማሪዎች የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ አስቀድሞ ጽፎ መጨረስ አስቸጋሪ ነው፤ ስሕተቱም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢገለጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ከ1981 እስከ 2011 ሰዎችን ወደ ጠፈር ያመላለሰው «ስፔስ ሸትል» ግን ሌላ ነው። ከአምስቱ ኮምፒውተሮቹ አራቱ አንድ ዐይነት ፕሮግራም ይዘው ሲሠሩ፣ አምስተኛው ለክፉ ቀን በሌሎች ሰዎች የተጻፈ ፕሮግራም ይይዝ ነበር። እዚህ «ሰጥተን እናርመዋለን» ማለት አይቻልም፤ ስሕተቱ የሰው ሕይወት ነውና። ስለዚህ እያንዳንዱ ለውጥ አስቀድሞ በጽሑፍ ተዘርዝሮና ተመርምሮ ይፈጸም ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ምርጫው የዘመን ፋሽን አለመሆኑን ነው። ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ የሚፈለገው አስቀድሞ በእርግጥ ይታወቃል ወይ? ባለጉዳዩስ በየጊዜው እየቀረበ ሊያይ ይችላል ወይ? ስሕተት ቢገኝ ዋጋው ገንዘብ ነው ወይስ ሕይወት? ፍላጎቱ ተለዋዋጭ፣ ባለጉዳዩ ቅርብ፣ ስሕተቱም የሚታረም ከሆነ አጃይል ይሻላል። ፍላጎቱ የታወቀ፣ ስሕተቱ ግን የማይመለስ ከሆነ ነባሩ ይመረጣል። በአንድ ሥራ ውስጥ ሁለቱን ማጣመርም ይቻላል።

ሆኖም አጃይል ያለ ዕቅድ መሥራት ማለት አይደለም፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ነውና። ዕቅዱ በየሁለት ሳምንቱ ይታደሳል እንጂ አይቀርም። ነገ የሆስፒታል መዝገብ ወይም የባንክ ሒሳብ በእጃችን የሚወድቅብን ተማሪዎች፣ ከዘዴው ስም ይልቅ የሥራውን ጠባይ አስቀድመን ብንመረምር ለሚታመኑብን ሰዎች ይበጃል።