የቴስተር አምፖል ካልበራች መብራት የለም ማለት ነው?

በቆቦ ዙሪያ ማሳ የሚያጠጣ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ድንገት ቆመ እንበል። ኤሌክትሪሺያኑ መጀመሪያ ከኪሱ የሚያወጣው ቴስተር ካቻቢቴውን ነው። ጫፉን ሽቦው ላይ፣ ጣቱን ከኋላ ባለው ብረት ላይ ያደርጋል። አምፖሏ ካልበራች «መብራት የለም» ብሎ ሽቦውን ሊነካ ይችላል። ግን የሞተችው አምፖሏ ራሷ ብትሆንስ?

በአምፖሏ ውስጥ ኒዮን የተባለ ጋዝ አለ። ቮልቴጁ ከ60 እስከ 90 አካባቢ ሲደርስ ጋዙ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምርና ብርቱካናማ ብርሃን ይሰጣል። ከአምፖሏ ጋር 1 ሚሊዮን ኦህም ገደማ የሆነ ሬዚስተር ተያይዟል። 220 ቮልትን ለ1 ሚሊዮን ብናካፍል ወደ 0.2 ሚሊ አምፒር ይመጣል። በሰውነታችን የሚያልፈው ይህችን ያህል ብቻ ስለሆነ አይሰማንም።

ኒዮኗ ስታረጅ ከውስጥ ሽቦዎቿ የሚረግፈው ብረት መስታወቱን ያጠቁረዋል፤ ብርሃኗም ይደክማል። ለመቀየር የኋላ ክዳኑ ይፈታል፤ ስፕሪንጉ፣ አምፖሏና ሬዚስተሩ ይወጣሉ። የምትተካውም ኒዮን መሆን አለባት። የባትሪ አምፖል በ0.2 ሚሊ አምፒር አይበራም። ሬዚስተሩን ሳይመልስ የሚገጥም ሰው ደግሞ ጋሻውን ጥሎ ፌዝ እንደ መንካት ነው። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀማ ቴስተሩን መጣል ይሻላል።

በራያ ቆላ የቀትር ፀሐይ ደህናዋ አምፖልም ላትታይ ትችላለች፤ በእጅ ጥላ ይሠራላታል። ከዚያ ባለሙያው ሦስት ጊዜ ይፈትናል፦ መጀመሪያ መብራት እንዳለው የሚያውቀውን ሶኬት፣ ቀጥሎ የተጠረጠረውን ሽቦ፣ በመጨረሻም ያንኑ ሶኬት መልሶ። የጠፋች አምፖል ብቻዋን ምስክር አትሆንም።