ዕዳው ዲግሪውን ሲያስር
የተማሪ ብድር እኛንም ይመለከታል



“የተማሪ ብድር” ሲባል የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስላል። እርስዎ ስቶክ ያመጣሉ፣ ኪራይ ይከፍላሉ፣ ዕቁብ ይጥላሉ፣ የታክሲዎን ጎማ ይቀይራሉ። “ከዩኒቨርሲቲ ጋር ምን አገናኘኝ?” ቢሉ አይፈረድብዎትም። ግን አንድ ቀን በጂፒ ፎቆች ውስጥ ብርድ ልብስና ጫማ ከሚሸጡት ወጣቶች መካከል ኢንጂነሪንግ ወይም አካውንቲንግ ተምሮ የመጣውን ያግኙና “ኦሪጅናል ዲግሪህ የት ነው?” ብለው ይጠይቁት። “ዩኒቨርሲቲው ጋር ቀረ፤ ኮስት ሼሪንግ አልከፈልኩም” የሚልዎት አይጠፋም።

ይህ አንዱ ዕዳ ነው። ሌላው ደግሞ በዚህ አገር ማትሪክ ሊጨርስ የተቃረበውን ልጅዎን በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስለ ሁለቱም ዛሬ እንነጋገር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አገር ቤት የቀረው ዕዳ

በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ መኝታውም በመንግሥት ነበር። የ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪው ወጪውን ይጋራ የሚለውን ሐሳብ አመጣ፤ በ2003 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ደግሞ ሐሳቡን ሥራ ላይ አዋለው። ተማሪው ውል ይፈርማል። የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይሸከማል። ገንዘቡን በእጁ አይቆጥረውም፤ ዕዳው ግን በስሙ ይጻፋል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ አሠሪው በየወሩ ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ገቢ ያደርግለታል፤ ከ15 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥም መጠናቀቅ አለበት።

ለምን እንዲህ ሆነ? በጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች የነበረችው አገር ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሏት። ያን ሁሉ ተማሪ መንግሥት ብቻውን መቀለብ አልቻለም። የኑሮ ውድነቱም ተጨመረበት፤ 22 ብር የነበረው የአንድ ተማሪ የቀን ቀለብ በ2024 ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ቀለቡ ሲጨምር የተማሪው ዕዳም አብሮ ይጨምራል።

“ስታገኝ ትከፍላለህ” የሚለውን አሠራር አውስትራሊያ በ1989 ጀምራዋለች። እዚያ ሰውየው ገቢው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የግብር መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይቆርጥለታል። የእኛው አሠራር ግን ድንበር ከተሻገረ በኋላ ተከታትሎ የሚቆርጥ እጅ የለውም። ስለዚህ መያዣ አስፈለገ፤ መያዣውም ዲግሪው ሆነ። ዕዳውን ያልጨረሰ ተመራቂ ጊዜያዊ ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ ኦሪጅናሉና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ እዚያው ይቀራሉ።

መያዣው እዚህ ምን ያስከፍላል?

በዚህ አገር የውጭ ዲግሪ ዋጋ የሚያገኘው ፕሪቶሪያ ያለው የደቡብ አፍሪካ የትምህርት ማስረጃ ባለሥልጣን፣ በአጭሩ ሳቃ፣ መርምሮ ሲያጸድቀው ነው። ተፈላጊ ሙያ ላላቸው ሰዎች የሚሰጠውን የሥራ ቪዛ ለማመልከት የሳቃ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ሳቃ ደግሞ የተሟላ ማስረጃ ይፈልጋል።

እንግዲህ ነገሩን ያገናዝቡት። ወረቀት ያጣው ኢንጂነር ከፍሎ ዕዳውን እንዳይዘጋ ገቢው የሱቅ ተቀጣሪ ገቢ ነው። ገቢው እንዳያድግ ደግሞ ወረቀቱ ተይዟል። የታክሲዎን ቁልፍ ወስዶ “ሠርተህ ክፈለኝ” የሚል አበዳሪ ቢያጋጥምዎ ምን ይሉታል? መኪናው ቆሞ ዕዳ አይከፈልም። ዲግሪ መያዝም ይኸው ነው፤ አበዳሪውም ተበዳሪውም አብረው ይከስራሉ።

የዚህ አገር ዕዳ

ደቡብ አፍሪካም በዚሁ መንገድ አልፋለች። በ1991 ቴፍሳ የሚባል ድርጅት ለድሃ ተማሪዎች ማበደር ጀመረ፤ በ1999 በወጣው ሕግ ደግሞ ኤንስፋስ ተተካ። በኤንስፋስ የብድር ዘመን ጥሩ ውጤት ያመጣ ተማሪ እስከ 40 በመቶ የሚደርሰው ብድሩ ወደ ስጦታ ይለወጥለት ነበር። መክፈል የሚጀምረውም የዓመት ገቢው 30,000 ራንድ ሲደርስ ሆኖ፣ ከ3 በመቶ ተነሥቶ እስከ 8 በመቶ ያድግ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ለሰው የሚያስብ ብድር ነው።

ችግሩ ግን መንግሥት ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው ድጎማ ከተማሪው ብዛት ጋር አለመራመዱ ነው። ጉድለቱን ዩኒቨርሲቲዎች በክፍያ ሞሉት። በኦክቶበር 2015 ዊትስ ለሚቀጥለው ዓመት 10.5 በመቶ ጭማሪ ሲያስብ ተማሪዎቹ በሩን ዘጉ፤ እንቅስቃሴው በአገሪቱ ተዳረሰ። ፕሬዚዳንት ዙማ ኦክቶበር 23 ቀን ለ2016 ጭማሪ እንደማይኖር አስታወቁ። በዲሴምበር 2017 ደግሞ የቤተሰቡ የዓመት ገቢ ከ350,000 ራንድ የማይበልጥ ተማሪ በብድር ፈንታ ነፃ ድጋፍ እንዲያገኝ ወሰኑ።

ዕዳው ግን አልጠፋም። ከ2018 በፊት የተበደሩት ብድራቸው አብሯቸው አለ። ገቢያቸው ከ350,000 ትንሽ የሚያልፍ ቤተሰቦችም መካከል ላይ ቀሩ፤ ለእነሱ በ2024 መንግሥት 3.8 ቢሊዮን ራንድ ለብድር መደበ፤ ይህ እስከ 600,000 ራንድ ገቢ ላላቸው ነው። ኤንስፋስ በ2023 ለመኖሪያ የሚከፍለውን በዓመት 45,000 ራንድ ላይ ሲወስነው፣ እንደ ጆሃንስበርግ ባለ ኪራይ በሚወደድበት ከተማ ልዩነቱ በተማሪው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ዕዳ ያለበት ተማሪ ብዙ ጊዜ ለሚቀጥለው ዓመት መመዝገብ አይችልም፤ ቢመረቅም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የምስክር ወረቀቱን ይይዙበታል። እዚህም መያዣው ያው ዲግሪው ነው።

ይህ ነገር ሕይወትም አስከፍሏል። ማርች 10 ቀን 2021 ከጂፒ ሐዲዱን ተሻግሮ ባለው ብራምፎንቴን፣ ዕዳ ያለባቸው እንዲመዘገቡ ይፈቀድ ብለው ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ነበር። ምቶኮዚሲ ንቱምባ የተባለ የ35 ዓመት መንገደኛ፣ ሰልፈኛም ተማሪም ያልሆነ፣ ከሐኪም ዘንድ ሲወጣ በፖሊስ የጎማ ጥይት ተመትቶ ሞተ።

የእርስዎስ ልጅ?

በዚህ አገር የጥገኝነት ጠያቂ ልጅ የመማር መብት በከንቱ የተገኘ አይደለም። ከፍተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2003 ዋቼኑካ በሚባለው ጉዳይ ጥገኝነት ጠያቂን ሁሉ በጅምላ ከሥራና ከትምህርት መከልከል ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ ወስኗል። መማር መቻልና የሚከፍልልዎ ማግኘት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአሳይለም ወረቀት ለሚኖር ቤተሰብ ልጅ ኤንስፋስ አይከፍልም። ስለዚህ ልጅዎ 12ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ቢጨርስ የሚቀረው የእርስዎ ኪስ ወይም ባንክ ነው።

ባንክ ደግሞ ዋስ ይፈልጋል፤ ዋሱም ወላጅ ነው። ብዙውን ጊዜ ልጁ እየተማረ ሳለ ወለዱን በየወሩ የሚከፍለው ዋሱ ነው፤ ዋናው ብድር ከምረቃ በኋላ ይቀጥላል። ልጁ ቢያቋርጥም፣ ሥራ ቢያጣም ባንኩ የሚመጣው ወደ ሱቅዎ ነው። አባቶች “የአባት ዕዳ ለልጅ፣ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ” ይሉ ነበር። እዚህ ተገልብጦ የልጅ ዕዳ ለአባት ሆኗል።

ታዲያ ይሰረዝ?

“ይሰረዝ” የሚሉት፣ ትምህርት የሚጠቅመው አገርን ነው፤ ድሃ ሆኖ የተወለደ ልጅ ለምን ዕዳ ይዞ ሕይወት ይጀምር? ይላሉ። “አይሰረዝ” የሚሉት ደግሞ፣ ከፍሎ የጨረሰው ሰው ምን በደለ? የሚል ጥያቄ ያነሣሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። አገሮችም አልተስማሙም፤ አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ባይደን ያቀዱትን ሰፊ ስረዛ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2023 ውድቅ አደረገው፤ አውስትራሊያ ግን በ2025 ከእያንዳንዱ የተማሪ ዕዳ ላይ 20 በመቶ ቀነሰች።

ይህ ዓምድ የሚለው የሚከተለውን ነው። ዕዳው በሙሉ በአንድ ቃል ቢሰረዝ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጡት እርስዎ ከሚገዙት ዕቃ ላይ 15 በመቶ ቫት ይከፍላሉ፤ ሐዲያ ያለ ገበሬም ጨው ሲገዛ ይከፍላል። ስለዚህ ተምሮ ጥሩ ገቢ ያገኘ ሰው ይክፈል። ገቢ የሌለው ግን እስኪያገኝ ይታገሡት፤ ዓመታት ቆይቶ ካላገኘ ይሰረዝለት። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ዕዳ ቢኖርም ወረቀት አይያዝ። ብድሩን የሚመልሰው ሙያው ነው፤ ሙያውን የሚያሠራው ወረቀቱ ነው። ወረቀቱን መፍታት ስረዛ አይደለም፤ ማስከፈያ መንገድ ነው።

ዛሬ ምን ያድርጉ?

መንግሥታት እስኪወስኑ አይጠብቁ።

አንደኛ፣ የአገር ቤት ዕዳ ካለብዎ ወይም አብሮዎት የሚሠራ ልጅ ካለበት፣ መጠኑን ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በጽሑፍ ያስጠይቁ። ዕዳው በብር የተጻፈ ነው። የብር ምንዛሪ በጁላይ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በራንድ ለሚከፍል ሰው የድሮው ዕዳ ከግማሽ በታች ወርዷል። ስንቱ ዲግሪ የአንድ ወር የሱቅ ኪራይ በማይሞላ ገንዘብ ተይዞ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ አገር ቤት ለሚታመን ዘመድ በፕሪቶሪያው ኤምባሲያችን በኩል ውክልና ይላኩ። ከፍሎ፣ ክሊራንሱን ይዞ፣ ኦሪጅናሉንና ትራንስክሪፕቱን ያውጣ። ከዚያ ሳቃ። የቪዛው ጉዳይ እንደያዙት ወረቀት ዓይነት ስለሚለያይ፣ ሆም አፌርስ ከመሄድዎ በፊት የሕግ ሰው ያማክሩ።

ሦስተኛ፣ ልጅዎ 10ኛ ክፍል ሲገባ ለትምህርቱ ብቻ የሚሆን ዕቁብ ይጀምሩ። ዩኒቨርሲቲውን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በያዝነው ወረቀት የሚከፈለው የአገር ልጅ ዋጋ ነው ወይስ የውጭ? ሲመዘገብ በቅድሚያ ስንት ይጠየቃል? ስኮላርሺፕ አለ ወይ? የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንም ከ1992 ጀምሮ ዳፊ የሚባል የስደተኞች ስኮላርሺፕ አለው፤ ለዚህ አገር ቦታ መኖሩን ይጠይቁ።

አራተኛ፣ ዋስ ሆነው ከመፈረምዎ በፊት ወለዱን፣ የወር ክፍያውንና ልጁ ቢያቋርጥ የሚከተለውን አስነብበው ይረዱ። ቋንቋው ካስቸገረዎ ልጅዎን ሳይሆን ከጉዳዩ ውጭ የሆነ ሰው ያስነብቡ። አንድ ነገርም ይወቁ፤ በዚህ አገር ሕግ ያልተከፈለ ወለድ ተጠራቅሞ ከቀሪው ዋና ዕዳ ጋር እኩል ሲሆን እድገቱ ይቆማል። ከዚያ በላይ የሚጠይቅዎ ካለ ሒሳቡን በጽሑፍ ይጠይቁ።

በሱቅዎ ባንኮኒ ጀርባ ዲግሪው የተያዘበት ልጅ ካለ፣ በሚቀጥለው ዕቁብ ዕጣውን ቅድሚያ እንዲያገኝ ይነጋገሩ። ለእሱ መያዣው ይፈታል፤ ለእኛም አንድ ወረቀት ያለው ባለሙያ ይጨመራል።