ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት አይደለም፦ ናፍጣ ከጀሪካን እስከ ሲሊንደር

ባሕር ዳር፦ በበጋ ወራት በጣና ዙሪያ ባሉ የፎገራ፣ የደራና የሊቦ ከምከም ማሳዎች ከንጋት ጀምሮ የሚሰማው የውኃ መሳቢያ ሞተር ድምፅ ነው። ሽንኩርቱም፣ ቲማቲሙም፣ የመስኖ ስንዴውም ኑሯቸው በዚያ ድምፅ ላይ የተመሠረተ ነው። ሽንኩርት ሥሩ ጥልቅ ያልኾነና እርጥበቱን ከላይኛው የአፈር ክፍል የሚስብ ሰብል በመኾኑ ራሱን በሚያፋፋበት ወቅት ለጥቂት ቀናት ውኃ ከተቋረጠበት ያጣውን ምርት በኋላ ቢያጠጡት አይመልስም። በቆላው መተማና ቋራም ቢኾን ዝናቡ በጀመረበት ሳምንት የቆመ ትራክተር የሚያስቀረው የአንድ ቀን እርሻ ብቻ አይደለም፤ የሰሊጡን የዘር ጊዜ ጭምር ይወስዳል።

ሞተሩ ሲቆም ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ሞተሩ ራሱ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ ሲመረመር በአመዛኙ ችግሩ የሚገኘው ነዳጁን ከጀሪካን እስከ ሲሊንደር በሚያደርሰው መሥመር ላይ ነው። ይህ መሥመር ከውጭ ሲታይ ቀጭን ቱቦዎች ብቻ ይመስላል፤ በእርሻ መሣሪያዎች ላይ ካሉ ክፍሎች ሁሉ በጥራት የተሠራው ግን እርሱ ነው።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ሲሊንደሩ የገባውን አየር ከ16 እስከ 20 እጥፍ ያምቀዋል። የታመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። በዚያች ቅጽበት ናፍጣ እንደ ጉም ተበትኖ ሲረጭ ያለ ምንም ብልጭታ ይቀጣጠላል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል ሞተሩን በተሳካ ሁኔታ ያሠራው እ.ኤ.አ በ1897 ነበር። ኾኖም ነዳጁን ወደ ሲሊንደር የሚያስገባው በታመቀ አየር እየገፋ ስለነበር ሞተሩ ግዙፍ የአየር መጭመቂያ ይዞ መቆም ነበረበት፤ በተሽከርካሪ ላይ ለመጫን አይመችም። የቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1927 ነዳጁን ራሱን የሚገፋ አነስተኛ ፖምፕ በብዛት ማምረት ከጀመረ በኋላ ግን የናፍጣ ሞተር በጭነት መኪናና በትራክተር ላይ መስፋፋት ጀመረ። ዛሬ በገጠሩ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሞተሮች የሚከተሉት ያንኑ አሠራር ነው።

መንገዱ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ይጀምራል። በትንሿ ባለ አንድ ሲሊንደር የውኃ መሳቢያ ሞተር ላይ ማጠራቀሚያው ከሞተሩ በላይ ስለሚቀመጥ ናፍጣው በራሱ ክብደት ይወርዳል። በትራክተር ላይ ግን አንዲት ደካማ ገፊ ፖምፕ ስባ ታመጣዋለች። ነዳጁ ቀጥሎ በፊልትሮ ያልፍና ወደ ዋናው የናፍጣ ፖምፕ ይገባል። በዚህ ፖምፕ ውስጥ ጣት የምታህል ወይም ከዚያ የቀጠነች ዘንግ በልኳ በተሠራ ቤት ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰች ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ኖዝሉ ትልከዋለች። በዘንጓ ላይ የተቀረጸ ጠመዝማዛ ስንጥቅ አለ። ዘንጓ ትንሽ ስትዞር የምትልከው ነዳጅ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ገዥ የሚባለው የፍጥነት መቆጣጠሪያም የሞተሩን ጭነት እየተከተለ ይህችን ዘንግ የሚያዞር ነው።

ልኩ ምን ያህል ረቂቅ እንደኾነ ለመረዳት ትንሽ ስሌት ይበቃል። አንድ አነስተኛ ሞተር በደቂቃ 2 ሺህ ጊዜ ቢዞር ነዳጅ የሚረጨው 1 ሺህ ጊዜ ነው። በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል ናፍጣ ከፈጀ በእያንዳንዱ ርጭት የሚገባው ከአንድ የውኃ ጠብታ ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ይህችም ግማሽ ጠብታ የምትረጨው አንድ ሰከንድ ለሺህ ተከፍሎ አንዱ ወይም ሁለቱ እጅ በሚያክል ጊዜ ውስጥ ነው። በቀድሞዎቹ ሞተሮች ኖዝሉ የሚከፈተው እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ120 እስከ 250 ባር በሚደርስ ግፊት ሲኾን በኮምፒውተር በሚታዘዙት አዳዲስ ትራክተሮችና ኮምባይነሮች ግፊቱ 2 ሺህ ባር ሊደርስ ይችላል። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው ከ2 ባር ብዙም በማይርቅ ግፊት እንደኾነ ልብ ይሏል።

ይህን ያህል ግፊት ሲፈጠር ናፍጣው በዘንጓና በቤቷ መካከል እንዳያፈተልክ የሚያግደው ጎማ ወይም ማሸጊያ አይደለም። የሚያግደው የክፍተቱ ጥበት ብቻ ነው፤ እርሱም ከ2 እስከ 4 ማይክሮን፣ ማለትም ከሰው ጸጉር ውፍረት ሃያኛ እጅ ገደማ ነው። ዘንጓን የሚያለሰልሳት ዘይትም ናፍጣው ራሱ ነው። በበጋ ከመንገድ የሚነሳ አቧራ በዓይን የማይታይ ቅንጣቱ ከዚህ ክፍተት ይበልጣል። ቅንጣቱ ሲገባ ብረቱን ይፍቃል፤ የተፋቀው ብረት ግፊቱን ያባክናል፤ ኖዝሉም መርጨቱን ትቶ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ውኃ ሲገባ ደግሞ ብረቱ ይዝጋል፣ የናፍጣው ማለስለስም ይቋረጣል። ናፍጣ ከነጭ ጋዝ ጋር ሲቀላቀልም ጉዳቱ ተመሳሳይ ነው፤ ነጭ ጋዝ ቀጭንና ደረቅ ስለኾነ ዘንጓን አያለሰልስም።

ለገጠሩ አርሶ አደር አስቸጋሪው ነገር ነዳጁ ከማደያ በቀጥታ ወደ ሞተሩ አለመግባቱ ነው። በበርሜል ይጫናል፣ በጀሪካን ይከፋፈላል፣ በየቦታው ክዳኑ ይከፈታል። በዚህ ላይ የማጠራቀሚያው ነገር ይጨመራል። ግማሽ ድረስ ባዶ ኾኖ ያደረ ማጠራቀሚያ በውስጡ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይቋጥራል፤ ጤዛው ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ማታ ሥራ ሲያበቃ መሙላት፣ ጠዋት ከመነሳት በፊት ደግሞ ከሥር ያለውን ማፍሰሻ ለአፍታ ከፍቶ ውኃውን ማስወጣት ከፖምፕ ጥገና ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። በርሜሉም ቢያንስ አንድ ሌሊት ሳይንቀሳቀስ ቢቆም ዝቃጩ ይወርዳል፤ የመጨረሻዎቹን ሊትሮች ግን ለሞተር አለመጠቀም ይመረጣል። ናፍጣን ዚንክ በተለበጠ ዕቃ ማስቀመጥ አይመከርም፤ ከዚንኩ ጋር ተዋህዶ ፊልትሮ የሚደፍን ዝቃጭ ይፈጥራልና። ነዳጅን በነጠላ ጨርቅ ማጥለል ገለባና ጠጠር ያስቀራል፤ ፖምፑን የሚጎዳውን ደቃቅ አቧራ ግን ያሳልፈዋል፤ የጨርቁ ክርም አብሮ ሊገባ ይችላል።

ፊልትሮው ሲደፈን ሞተሩ ይደክማል። ያን ጊዜ ፊልትሮውን አውጥቶ ወይም በሚስማር ቀዳድቶ መሥራት ሞተሩን ለዕለቱ ያስነሳዋል፤ የሚከፈለው ግን የፖምፑ ዕድሜ ነው። የወረቀት ፊልትሮ በቤንዚን ታጥቦ እንደ አዲስ አይኾንም፤ መለወጥ አለበት።

የሞተሩ መድከም ከነዳጅ ማነስ የመጣ የሚመስላቸው ባለቤቶች የሚወስዱት ሌላም እርምጃ አለ። በናፍጣ ፖምፑ ላይ የሚገባውን ከፍተኛ የነዳጅ መጠን የሚወስን ማስተካከያ ቡሎን ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም ከፋብሪካ በሽቦና በእርሳስ ታሽጎ ይመጣል። ማሸጊያው ተቆርጦ ቡሎኑ ሲዞር ሞተሩ ለጊዜው የበረታ ይመስላል፤ ከማርሚታውም ጥቁር ጭስ ይወጣል። ጭሱን የጉልበት ምልክት አድርገው የሚቆጥሩ ጥቂት አይደሉም። ጭሱ ግን አየር አጥቶ በአግባቡ ሳይቃጠል የወጣ፣ ገንዘብ የተከፈለበት ናፍጣ ነው።

አንድ ኪሎ ናፍጣ ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14 ኪሎ ተኩል ገደማ አየር ይፈልጋል። በተግባር ደግሞ ናፍጣው ከአየሩ ጋር የሚደባለቅበት ጊዜ በጣም አጭር ስለኾነ ሞተሩ ሳይጨስ እንዲሠራ ከዚህም የበለጠ አየር ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ የደጋው አየር ራሱን የቻለ ጉዳይ ይኾናል። የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። በደብረ ታቦር ደግሞ ልዩነቱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው የአየር ስፋት ባይቀየርም ክብደቱ ይቀንሳል፤ ፖምፑ ግን ከፍታ አያውቅምና ለቆላ የተለካለትን ያንኑ ነዳጅ ይልካል። በመተማ ሜዳ ያለ ጭስ የሚያርስ ትራክተር ወደ ደጋ ሲወጣ ቢያጨስ ስለተበላሸ ላይኾን ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ ነዳጅ መጨመር ችግሩን ያብሳል፤ ባለሙያዎች የሚመክሩት መጠኑን ትንሽ መቀነስን ነው።

በውጭ ሀገራት ለውድድር የሚሻሻሉ መኪናዎችና በአሜሪካና በኔዘርላንድስ ክብደት በመጎተት የሚወዳደሩ ትራክተሮች የሚከተሉት ቅደም ተከተል ይህንኑ ያስረዳል። ባለሙያዎቹ ቅድሚያ የሚሰጡት ለአየሩ ነው። በማርሚታው በሚወጣው ጋዝ የሚሽከረከር ተርቦ ገጥመው ብዙ አየር ወደ ሲሊንደሩ ያስገባሉ፣ በመታመቁ የጋለውንም አየር ያቀዘቅዛሉ። ለዚያ አየር የሚመጥን ትልቅ ፖምፕ፣ ሰፊ ቱቦና ብዙ የሚረጭ ኖዝል የሚገጥሙት ከዚያ ጋር አዛምደው ነው፤ የሚወጣውንም ጋዝ ሙቀት በመለኪያ ይከታተላሉ። እንዲያም ኾኖ ሞተሩ የሚፈለገው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከውድድር በኋላም ይፈታል። የመስኖ ሞተር ግን ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ መሥራት አለበት። ያለ ተጨማሪ አየር ነዳጁ ብቻ ሲጨመርበት ያልተቃጠለው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ወደ ታች ወርዶ የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል፣ ጥላሸቱ ፋሻዎቹን ያጣብቃል። ሙቀቱ ከበረታም የፒስተኑን አናት እስከ ማቅለጥ ይደርሳል።

ጥቁር ጭስ ሲታይ አስቀድሞ መፈተሽ ያለበት የአየር ማጣሪያው ነው። በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያ ሞተሩን ያፍነዋል። ነጭ ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣን ወይም ውኃን፣ ሰማያዊ ጭስ ደግሞ የሞተር ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል።

ናፍጣው እስኪያልቅ የሠራ ሞተር ነዳጅ ቢሞላም አለመነሳቱ የተለመደ ነው። ምክንያቱ በመሥመሩ ውስጥ የገባ አየር ነው። አየር ስለሚጨመቅ ዘንጓ ብትገፋም ግፊቱ ኖዝሉን ለመክፈት አይበቃም። በዚህ ጊዜ በፊልትሮው ላይ ያለው ማስተንፈሻ ተላልቶ አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪወርድ ይጠበቃል፤ ቀጥሎ የፖምፑ፣ በመጨረሻም የኖዝሉ መግቢያ በተመሳሳይ መንገድ ይስተነፍሳል። ቅደም ተከተሉን ሳይጠብቁ ማንቬላ ሲያዞሩ መዋል ጉልበት ከማባከን አያልፍም።

ከዚህ አልፎ ኖዝሉ ሲረጭ በእጅ መሞከር ግን ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ድርጊት ነው። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ስለሚያክልና መጀመሪያ ላይ ብዙ ላያም ስለሚችል ተጎጂው ቸል ሊለው ይችላል፤ ኾኖም በሰዓታት ውስጥ ጣትን ወይም እጅን እስከ ማስቆረጥ የሚያደርስ በመኾኑ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድና የገባው ናፍጣ መኾኑን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። የሚያፈስ ቱቦ የሚፈተሸው ካርቶን በማስጠጋት ነው።

የኖዝሉን የመክፈቻ ግፊትና የፖምፑን ልክ ማስተካከል በተለምዶ ፖምፒስታ የሚባለው ባለሙያ በመፈተሻ ማሽን የሚሠራው ሥራ ነው። ፖምፑ ወደ እርሱ ሲወሰድ የተፈቱት ቱቦዎች አፍ በንጹሕ ላስቲክ መታሰር አለበት፤ በክፍት አፍ አንድ ሌሊት በአቧራ ውስጥ ያደረ ቱቦ የተጠገነውን ፖምፕ ዳግም ወደ ፖምፒስታው ሊመልሰው ይችላል።